ጉርሻ

ባሏ ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ከተወሰደ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፤ ማልቀስም ትታለች። ያን ዕለት ማለዳ ታላቅ እህቱ እቴነሽ ፍትፍት ይዛ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እስቲ ቅመሺ።»

«እሱ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ?»

«እግዜር ያለ አንቺ ጭንቀት ሥራውን መሥራት አይችልም እንዴ? ነገሩን ለእሱ ተዪለትና ጉረሺ!»

ፈገግታ ቢጤ ከንፈሯ ላይ ታየ። ዐይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ ያንተው ነው፤ እንደ ፈቃድህ» አለች። ደረቷን ተጭኖ የከረመው ነገር ቀለል አለላት። ጎረሰች፤ ደገመች፤ ሳህኑን አጋመሰች።

እቴነሽ ውኃ አጠጣቻት። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈት አደረገችና፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ለቆሙት ዘመዶች፣

«በልታለች፤ ግቡ» አለቻቸው።