የደስታ ውጤት

ደስታ በሚስቱ በየሺመቤት ዳሌ መቀለድ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። እሷ «ሆርሞን ነው፤ የሴት ገላ ስቡን የሚያኖረው እዚያ ነው» ስትለው፣ «ሆርሞን የሰነፍ ሰበብ ነው» ይላታል። የራሱን ቦርጭ ግን በመዳፉ እያሻሸ የአባወራ ግርማ ነው ባይ ነው።

በመጨረሻ ክርክሩ ይለይለት ብሎ ክሊኒክ ይዟት ሄደ። የወንድና የሴትን ልዩነት በወረቀት እንድታየው እሱም ለሆርሞን ምርመራ ደም ሰጠ። መዝጋቢዋ ቀና እንኳ ሳትል ስማቸውን ብቻ ከየሺመቤት ጠይቃ ጻፈች።

በማግስቱ ውጤቱን ያነበቡላቸው ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ ሽበታም ሐኪም ነበሩ።

«የሺመቤት፣ ምንም የለብሽም» አሏት። «ዳሌ ላይ ያለ ስብ የሴት ሆርሞን ሥራ ነው። የሚያሳስበው ሆድ ላይ ያለው ነው።»

ደስታ ኮቱን ሰብሰብ አደረገ።

ሐኪሙ ሁለተኛውን ወረቀት ገለጡ። «ይቺ ደግሞ እህትሽ ናት መሰለኝ። ደስታም ደህና ናት። የወንድ ሆርሞኗ ልክ የጤነኛ ሴት ያህል ነው፤ ንገሪያት።»

ደስታ የኮቱን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈ።

«እነግራታለሁ» አለች የሺመቤት፣ ወደ ባሏ ሳትዞር። «ቦርጯስ፣ ዶክተር?»