ቀልድ የሚያሾልከው ሰው

ሴናተር ሌላንድ ታትል ብዙ ነገር ይችላል። በድምፅ ቢሸነፍ ይችላል፤ ጋዜጣ ቢሰድበውም ይችላል። በእሱ ኮሚቴ ውስጥ ሌላ ሰው ተናግሮ አዳራሹ ሲስቅ ግን ዓይኑ ደም ይለብሳል።

ለዳኝነት የታጨ ሰው ሁሉ እዚህ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ያሞግሰዋል፣ ወዲያኛው ፓርቲ ያበጥረዋል። ማን ደግፎ ማን እንደሚቃወም ገና ሳይጀመር ይታወቃል። ስለዚህ ማታ በቴሌቪዥን የሚታየው በደንብ የጠየቀው ሳይሆን ያሳቀው ሰው ነው። ብዙ ዓመት ያ ሰው ሌላንድ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ምርጫ አለበት፤ የአገሩ ሰው የሚያውቀው በዚሁ ነው። ሳቁን ከተነጠቀ ወንበሩም ሄደ።

ከጸደይ ወዲህ ኤመሪ ስቶክ መጣበት። ኤመሪ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሴናተር ነው፤ ሌላንድ የወዲያኛው። ላጤ፣ ደረቅ፣ ከወረቀቱ ቀና የማይል ሰው ነበር። አንድ ቀን ድንገት ቀና አለና፣

"ክቡር ባልደረባዬ ጥያቄ ሲጠይቁ፣ ጨው አቀብለኝ ሲሉት የጨውን ታሪክ የሚተርክ ባል ይመስሉኛል" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፍርስ አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በራሱ ማንኮራፋት ደንግጦ ነቅቶ "ማነው የሚያንኮራፋው?" ብሎ ስለሚቆጣ ባል አመጣ። ሌላንድ ያንኮራፋል። ጨው ሲጠይቁትም ወሬ ያበዛል።

"ይሄ ሰው ጓዳዬን ያውቃል" አለ በልቡ።

ጓዳውን የሚያውቅ ደግሞ ድዋይት ነው። ንግግሩን የሚጽፍለት፣ ጠዋት ጠዋት ከቤቱ የሚወስደው፣ ጸጉሩ አብሮት የሸበተ ሰው ነው። ድዋይት ከመቀጠሩ በፊት ንግግሩን የምትሰማለት ሚስቱ ማርጆሪ ነበረች። "እዚህ ጋ አሳጥረው፣ እዚህ ጋ ትንፋሽ ውሰድ" ትለው ነበር። አሁን ባለሙያ አለ። እራት ላይ አንድ ነገር ስትጀምር መጨረሻውን ሌላንድ ይነጥቃታል፤ እሷም ተነስታ ሰሃን ታነሳለች።

ዳኛ ፍራንሲን ኬምፕ የምትጠየቅበት ቀን ደረሰ። ሌላንድ ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ሮጦ ወጣ። መኪናው ውስጥ ሊደውል ኪሱ ገባ። ያወጣው ስልኩን አልነበረም፤ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ድዋይት መሪውን እንደያዘ እስኪያነባ ሳቀ።

"ይዘውት ይግቡ እንጂ! ኤመሪ ሲናገር ድምፁን ይቀንሱበታል።"

"ይሄን ለማንም ብትናገር፣ ድዋይት!"

"ለማን እናገራለሁ?"

ሌላንድ ይሄን መልስ አልወደደውም።

ዳኛ ኬምፕ እንደ ሌሎቹ ዕጩዎች ነች። ምንም ብትጠየቅ "ጉዳዩ ነገ እኔ ፊት ሊቀርብ ስለሚችል አስተያየት አልሰጥም" ትላለች። ሌላንድ ተዘጋጅቶባታል።

"ክብርት ዳኛ፣ ቁርስ በልተዋል?"

"በልቻለሁ፣ ክቡር ሴናተር።"

"ጣፍጦ ነበር? ወይስ እንቁላሉን የጠበሰው ሰውዬ ነገ እርስዎ ፊት ሊቀርብ ይችላል?"

አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሌላንድ ደረቱን ነፋ። ዞር ሲል ግን ኤመሪ ከጠረጴዛው ስር ስልኩን እያየ ለብቻው ፈገግ ይላል። ሌላንድ ቶሎ ወደ ኋላው ዞረ። ድዋይት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል።

ተራው የኤመሪ ሆነ።

"ክቡር ባልደረባዬ ከዳኛዋ መልስ ለማግኘት ጠዋቱን ሙሉ ሲጫኑ ዋሉ። አይፈረድባቸውም። ስልኬ ነው ብሎ የቴሌቪዥን ሪሞት ኪሱ ከቶ ከቤቱ የወጣ ሰውም ቢጫን ቢጫን፣ ሄሎ የሚለው የለም!"

ሰብሳቢው ጸጥታ ብለው መዶሻቸውን እየመቱ ራሳቸው ሳቁ። የሌላንድ ፓርቲ ሰዎች እንኳ ወረቀት ከፊታቸው ላይ ደቀኑ። ሌላንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሪሞቱን አንቆታል።

ለእረፍት ሲወጡ ድዋይትን መተላለፊያው ላይ አቆመው።

"መኪና ውስጥ ማን ነበር? እኔና አንተ!"

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሴናተር፣ ለማንም አልተነፈስኩም።"

"ስልክ ይዘህ ስታንሾካሹክ አይቼሃለሁ!"

"ስልክዎን በሰው እንዲልኩልን ለወይዘሮ ማርጆሪ እየደወልኩ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ መስመሩ ተይዟል እያለ…"

"በቃ! ዕቃህን ሰብስብ። ሂድና እዚያው ኤመሪን አስቀው።"

ድዋይት የደረት መታወቂያውን ቀስ ብሎ ፈታ።

"እንዲህ ያለ ቀልድ መጻፍ ብችል ኖሮ" አለ፣ "ለእርስዎ እጽፈው ነበር።"

ማታ ሌላንድ ቤቱ ሲገባ ማርጆሪ ምድጃው ላይ ሾርባ ታማስላለች። ስልኩ ጠዋት የተወው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ሪሞቱን አጠገቡ ጣለው።

"ድዋይትን አባረርኩት" አለ። "ቀልድ እያሾለከ ለኤመሪ ሲሰጥ ያዝኩት። የዛሬውንስ አየሽው? ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ?"

ማርጆሪ ማማሰያውን አስቀመጠች። ምድጃውን አጠፋች።

"ሰውዬውን መልሰህ ጥራው፣ ሌላንድ።"

"ለምን ብዬ? አላየሽውም እንዴ?"

"በምን ልየው? ሪሞቱን ይዘህብኝ ሄደህ፣ ሰዉ ሳቀ ወይ ብዬ ለኤመሪ ደውዬ ነው የጠየቅኩት።"