የሻምበል ኩርፊያ

«ያዥልኝ እንጂ!» ይለኛል ባለቤቴ፣ የውሃውን ጎማ በሁለት እጁ ጨብጦ ራቅ ብሎ እንደቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሻ ነው እንጂ አውቶብስ አይደለም። ቀስ አድርገው» እለዋለሁ።

ዕድሜ ልኩን አውቶብስ ሲነዳና ሲያጥብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ሌላ አስተጣጠብ አያውቅም። ከሥር ይጀምራል፤ ሆዱን በውሃ ኃይል ይደበድበዋል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ሻምበል ዓይኑን ጨፍኖ ይችለዋል። አረፋው ከጀርባው እየተንሸራተተ በግቢው ሲሚንቶ ላይ ወደ ቦዩ ይወርዳል። እኔ ተንበርክኬ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ርሷል፤ እሱ ውሃ ጫማውን እንኳ እንዳይነካው ይጠነቀቃል።

ሻምበል ዛሬ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሜ የጣውላ መጋዘን ጠባቂ ነው። ጥሩ ውሻ ሲያፈላልግ ባለቤቴ «ያውልህ፣ ውሰደው» አለው። እኔም አልተከራከርኩም፤ የሁለቱ ኩርፊያ ቤቱን ካጠበበው ቆይቷል። ቢያንስ ንጹህ ሆኖ ይሂድ ብዬ ነው ጎማውን ያስያዝኩት።

አዎ፣ ኩርፊያ። ባለቤቴ ከውሻ ጋር ተኮራርፏል። ለሰው ባወራው ይስቅብኛል።

ነገሩ የጀመረው ከሆስፒታል በወጣ ቀን ነው። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ብዙ ሰንብቶ፣ በእኔ ክንድ ተደግፎ ከበራችን ሲደርስ እንደ ድሮው አፏጨ። ድሮ ያቺን ፉጨት ሲሰማ ሻምበል አጥሩን ሊያፈርሰው ይደርስ ነበር። ያን ቀን ግን ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳው ሥር እንደተኛ ቀረ። ባለቤቴ ደግሞ አፏጨ። በስሙ ጠራው። ንቅንቅ አላለም። «እኔ ከሞት አፍ ተርፌ ስመጣ!» አለ።

በኋላ ሻምበል ነቅቶ ሲያየው እየተጥመለመለ መጣ። ባለቤቴ በጉልበቱ ገፋው። «አሁን ነው ትዝ ያልኩህ?» ሲለው ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አላናገረውም፣ እጁንም አላሳረፈበትም። እኔንም እኮ ያኮርፈኛል፤ ግን እኔ አፍ ስላለኝ እለፈልፍበታለሁ፣ ሳያስበው ይስቃል፣ ታረቀ ማለት ነው። ሻምበል ምን ብሎ ይለፍልፍ? ተገፍቶ ተገፍቶ መራቁን ለመደው።

«አንገቱ ሥር አረፋ ቀርቷል» እለዋለሁ። «ቀረብ በል፣ አይነክስህም።»

ይሄኔ የወንድሜ ፒክአፕ በሩ ላይ ይደርስና ክላክሱን ይለቀዋል። የዚህ ልጅ ክላክስ የሞተ ይቀሰቅሳል። ደንግጬ ሳሙናው ከእጄ ያመልጣል። የጎረቤት ውሾች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ጣሪያው ላይ የነበሩት ርግቦች ብር ብለው ይነሳሉ። ሻምበል ከጎማው አፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይልሳል።

ባለቤቴ እሱን ያየዋል። ከዚያ እኔን ያየኛል። ወንድሜ አሁንም ይነፋል፣ ረዘም አድርጎ። ሻምበል ውሃውን ይልሳል።

ባለቤቴ ጎማውን ጥሎ በሻምበል ኋላ ይዞርና ያጨበጭባል። አጥብቆ፣ እጁ እስኪቀላ ያጨበጭባል። ከዚያ በስሙ ይጠራዋል፤ ያን ስም ከአፉ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

«አይሰማም እኮ» ይለኛል። «ይሄ ውሻ አይሰማም።»

እሱ ሆስፒታል ሳለ እኔ አዳሬም ውሎዬም እዚያ ነበር። ለሻምበል ምግቡን ወርውሬለት ስሮጥ፣ ጆሮው ይስማ አይስማ መች ልብ ብዬ። ከተመለስንም ወዲህ ዝም ማለቱን አይቼ «ጌታውን አኩርፎ ነው» እያልኩ ስቄበታለሁ።

«እቴቴ! ሰው የለም እንዴ?» ይላል ወንድሜ ከውጭ። «ጋሼ! ዝግጁ ነው?»

«አይሄድም በይው» ይለኛል ባለቤቴ።

ከዚያ የረሰረሰው ሲሚንቶ ላይ ይንበረከካል። ጫማው ይበሰብሳል፣ ሱሪው ይበሰብሳል፣ ልብም አይለው። የሻምበልን ራስ በሁለት መዳፎቹ ይይዝና ወደ ፊቱ ያስጠጋዋል። «የኔ ጌታ» ይለዋል። «የኔ ወታደር። ሻምበሌ። አላወቅኩም እኮ። ምነው ባወቅኩ!» ያን ሁሉ ጊዜ አፍኖ የያዘውን ቁልምጫ ጆሮው ሥር ያወርድለታል፤ ቅጥል እስክል የቀናሁበትን የድሮውን ቁልምጫ ሁሉ።

«አይሰማህም እኮ» እለዋለሁ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ቀና አይልም። ውሃው ከወደቀው ጎማ እየፈሰሰ በጉልበቶቹ መሃል ያልፋል።

«ሆስፒታል የገባሁ ለት፣» ይላል፣ «በሩ ላይ ተጋርጦ አላሳልፍ ሲለኝ፣ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ‹እዚሁ ጠብቀኝ፣ መጣሁ› ነው ያልኩት። ከኔ የሰማው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።»

«መጥተሃል እኮ» እለዋለሁ።

«ለሱ አልመጣሁም» ይላል።

ሻምበል ራሱን ከመዳፎቹ ቀስ አድርጎ ያወጣል። እጅ ከማይደርስበት ራቅ ብሎ ይቆምና ውሃውን ያራግፋል፤ ፊታችን፣ ልብሳችን፣ ግድግዳው ሁሉ ይረጫል። ባለቤቴ ፊቱን አይጠርግም። ሁለት እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው።