የአምባዛው ጾም

ጅራታ የማር ቆርቆሮውን ገና ከትከሻው ሳያወርድ በየነች ነገሩን ዘረገፈችው። «አምባዛው ሞቷል። አሥር ቀን ሙሉ ፈለግኩት፣ የለም። ኢሊሊ ደግሞ እየመጣሁ ነው፣ በደሌን አልፌያለሁ ብላ ደወለች።»

ኢሊሊ ጅማ የምትማር ልጃቸው ናት። ዓሣውን በላስቲክ ውሃ አቅፋ ያመጣችው እሷ፣ «አደራ አባዬ» ብላ የሄደችውም እሷ። ጅራታ ሶር ወዳለው ወንድሙ ዘንድ ማር ሊቆርጥ ሲሄድ አደራውን ለሁለት ሳምንት ለሚስቱ አስተላለፈ።

አልደነገጠም። ቆርቆሮውን አስቀመጠና ከዓሣው የመስታወት ገንዳ ፊት ቁጢጥ አለ። ትንንሾቹ ቀያይ ዓሦች ሆዳቸው ተነፍቶ ላይ ላዩን ይርመሰመሳሉ። ከታች፣ አምባዛው የሚያድርበት የእንስራ ስባሪ ጭር ብሏል።

«መቼ መቼ ነበር የምታበያቸው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነዋ!»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ምን ላድርግ አባ ኢሊሊ? ሁዳዴ አይደል እንዴ! እኔ እህል ሳልቀምስ ዓሣ ቁርስ ይብላ? ቅዳሴ ሲወጣ እኔም እነሱም አንድ ላይ።»

ጅራታ ሳቁ አመለጠው። «በየኑ፣ እሱ እኮ ቀን ይተኛል፤ የሚበላው ሲጨልም ነው። ላይኞቹ ድርሻውን ጠራርገውበት በባዶ ሆዱ ከረመ። ሁዳዴን ካንቺ ብሶ ጾሟል!»

እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ገደልኩት በለኛ። ልጄን በምን ዓይኔ ላያት ነው?»

«አልሞተም። ቢሞት ውሃው ይሸት ነበር።»

መስኮቱን ዘጋ፣ ጋቢውን ገፎ መስታወቱ ላይ ጣለውና «ነይ ግቢ» አላት። ድብብቆሽ እንደሚጫወቱ ልጆች ሁለቱም ጋቢው ውስጥ ገቡ። በጋቢው ስስ በኩል ትንሽ ብርሃን ብቻ ያልፋል።

ቆዩ። ጉልበቱን አመመው። አንድ አፍታ እሱንም ስጋት ነካ አደረገው።

ከስባሪው አፍ አንድ ጺም ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሰፊው አፍ፣ አሸዋውን እየዳበሰ።

«ያ ዋቃዮ!» አለች በየነች አምላኳን እየጠራች፣ በሹክሹክታ።

ጅራታ የምግቡን ፍሬ ሊጥል ሲል እጁን ያዘችው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ነው ብላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አምባዛ የተቀቀለበትን ድስት እንኳ ነክታ አታውቅም። አሁን እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ፍሬውን ከመዳፉ ወሰደችና ክንዷን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ሰደደች።

«ብላ» አለችው። «ብላ፣ የኔ ጌታ።»

ጺሙ ጣቷን ዳሰሰ። ቅዳሴ አልወጣም፤ ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም።