የኩታው ዘርፍ

ዝናብ ያራሰው የኢየሩሳሌም የድንጋይ ደረጃ አንድ ሽማግሌን አዳልጦ ሲጥላቸው፣ አንድ ሰውዬ ከኋላቸው ነበር። የሰንበት ጸሎት አልቆ ሁለቱም ከምኩራብ ወደየቤታቸው እየወረዱ ነበር፤ እሱ እንደ ሰንበት ልማዱ የጸሎት ኩታውን እንደ ለበሰ። የእግዚአብሔር ትእዛዛት መታሰቢያ የሆነው የኩታ ዘርፍ መሬት ሲጎተት ካየ ማንንም የማይምር ሰው ነው። የሽማግሌው ግንባር ተፈንክቶ ደማቸው ከዝናቡ ጋር ቁልቁል ሲወርድ ሮጦ ደረሰና አጠገባቸው ቆመ። "አይዞዎት አባባ! አይዞዎት!" አለ፤ ደጋግሞ አለ።

ከታች ስትመጣ የነበረች አንዲት ሴት ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ባለትዳር ናት፤ ጸጉሯን ከባሏ በቀር ያየው ወንድ የለም። ሻሿን ከራሷ ላይ መንጭቃ አወለቀችና ግንባራቸውን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበተነ።

"ኧረ ልጄ፣ ራስሽን ሸፍኚ!" አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው።

"አሁን የኔ ጸጉር ነው የሚያሳስብዎት? ዝም ብለው ይተኙ!"

ሰውዬው ነውር እንዳያይ ፊቱን አዞረ።

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸችበት። "ምን ይገትርሃል? ጭንቅላታቸውን ደግፍልኝ እንጂ! እጅህን ምን ያዘው?"

ሰውዬው እጁን አየ። ሁለቱም እጆቹ ደረቱ ላይ ተጨብጠዋል። ገና ሽማግሌው ሲወድቁ፣ ሳይታወቀው፣ ጭቃ እንዳይነካቸው ብሎ የኩታውን ዘርፎች ሰብስቦ ይዟቸው ነበር። በዚያ ብርድ ፊቱ እሳት ሆነ። ዘርፎቹ ግን ንጹሕ ነበሩ፤ አንዳች ነገር አልነካቸውም።