ከራሱ የሚሽቀዳደመው ሰው

«በሕግ አምላክ፤ ቁም።»

ሯጩ ይቆማል። በሕግ አምላክ ተብሎ የማይቆም ሽፍታ ብቻ ነው፤ ሽፍታም ቢሆን አንዳንዱ ይቆማል። ይሄኛው ግን የቆመው ከወገቡ በላይ ነው፤ እግሮቹ እዚያው አቧራውን እየረገጡ መሮጣቸውን አልተዉም። ያስቆሙት አያ አድማሴ ይህን አይተው ዱላቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ንጹሕ ሰው እግሩን ያሳርፋል።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጤፍ ማሳቸው ጥግ፣ ነጭ የተቀባ ድንጋይ ከበቀለ ሳምንቱ ነው። ወደ ከተማው ራቅ ብሎ ሌላ አለ፤ ከዚያም ወዲያ ሌላ። ዘንድሮ ቀላድ ይጣላል፣ ርስት በገመድ ተለክቶ ግብር ይቆለልበታል እየተባለ አገሩ ጠመንጃውን ይወለውላል። ድንጋዩን መጀመሪያ ያየችው ባለቤታቸው ሀብትነሽ ናት። ችካል ነው አለች፤ ከዚያ ወዲህ እሳቸው አጨዳውን ትተው ከድንጋዩ አጠገብ ነው የሚውሉት። ይኸው ዛሬ ባለ ችካሉ መጣ። በካናቴራና ጉልበቱ ላይ ባልደረሰ ሱሪ፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ሰዓቱን አየት አድርጎ የሆነ ቁጥር ሲያጉተመትም እጅ ከፍንጅ ያዙት።

ክንፈሚካኤል እባላለሁ ይላል እያለከለከ፤ የፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። ድንጋዮቹን በኖራ የቀባሁት እኔ ነኝ ይላል፤ አይክድም። ግን የለካሁት መንገዱን እንጂ የሰው ማሳ አይደለም፤ ግማሽ ማራቶን የሚሉትን ሩጫ ነው የምሮጠው፣ ከቡሬ ወዲህ ካለው አፋፍ ተነስቼ እስከ ከተማው መግቢያ።

«ተሽቀዳዳሚህ የታለ?» ይላሉ አያ አድማሴ፣ መንገዱን ወደ ኋላ እያዩ። ከአንድ አህያ በቀር የሚመጣ የለም።

«የምሽቀዳደመው ከራሴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለፋ እንደ ዛሬ ፈጥኜ አላውቅም። አባቴ፣ እባክዎ፣ ከቆምኩ ያመልጠኛል።»

«ማን?»

«እኔው።»

አያ አድማሴ ብዙ ተከሳሽ አይተዋል። በሬ የነዳው ተከትሎኝ ነው የመጣ ይላል፤ ድንበር የገፋው ጎርፍ ነው ያፈረሰው ይላል። ከራሴ እየተሽቀዳደምኩ ነው የሚል ግን ገጥሟቸው አያውቅም። እንዲህ ያለ ውሸት ካልተማሩ አይመጣም።

አጥቢያ ዳኛው የሚያስችሉት ከተማ ነው። ደንቡ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፊት አብረው ይቀርባሉ። ችግሩ ሰውየው የሚቋጠር ልብስ የለውም። ካናቴራው ቢጎተት ቢጎተት አይበቃም፤ ሱሪውን መንካት ነውር ነው። በመጨረሻ የጋቢያቸውን ጫፍ ከእጅ አንጓው፣ ከሰዓቱ በላይ ያስሩታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው ደግመው ይቋጥሩታል።

«ከተማ ነው የምንሄደው?» ይላል አስተማሪው። ፊቱ በርቷል።

ይህ ፊት አላማራቸውም። ዳኛ ዘንድ የሚጎተት ሰው እንዲህ አይበራም።

«ከተማ።»

«እንግዲያው ይከተሉኝ።»

ጋቢው ከትከሻቸው ሽው ብሎ ይወጠራል፤ ጫፉን ጨብጠው ከኋላው ይበራሉ። ከጎረምሳነታቸው ወዲህ የሮጡት እሳት ሲነሳ ብቻ ነው። ቢለቁት ያመልጣል፤ እሱ ካመለጠ ማሳው ከነቁጥሩ ሄደ። ሰውየው ሰዓቱን ሊያይ እጁን ባነሳ ቁጥር ጋቢውን ወደ ታች ይስባሉ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ጎረቤታቸው፣ ወይዘሮ ዓባይነሽ፣ ከመንገዱ ገለል ብላ ማን ማንን እንደያዘ ትጠይቃለች። እኔ ነኝ የያዝኩት ለማለት ትንፋሽ ያጣሉ።

ከሁለተኛው ድንጋይ በኋላ አስተማሪው ይዝላል። አንገቱ ወደ ጎን ይወድቃል። አያ አድማሴ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ቀስ ብሎ ቋጠሮውን ሊፈታ ነው። በዱላቸው ጫፍ ጀርባውን ጎሸም ያደርጉታል።

«ምን ታደባለህ? ቅደም።»

ይቀድማል። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይዝላል፣ ደግሞ ይጎሽሙታል። የከተማው ቆርቆሮ ብልጭ ሲል ሁለቱም የሚያለከልኩት በአንድ ድምፅ ነው።

ከመግቢያው ድንጋይ ላይ አስተማሪው በጀርባው ይወድቃል፤ ጋቢው አያ አድማሴንም አጠገቡ ያጋድማቸዋል። ሰዓቱን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ያያል። ከዚያ እንባው እየወረደ ይስቃል። ቀደምኩት ይላል፤ የባለፈውን ክንፈሚካኤል በሁለት ደቂቃ ቀደምኩት፤ ያለ እርስዎ አይሆንልኝም ነበር።

አያ አድማሴ ሰማዩን እያዩ ይህን ያብላሉታል። ያለ እርስዎ? ሰው እንዲህ ደስ የሚለው የፈለገውን ሲያገኝ ነው። ታዲያ የዚህ ሰው ፍላጎት ምን ነበር? ሳምንት ሙሉ ከማሳው ጥግ ንቅንቅ ያላለ አንድ ባለማሳ ነበር። ያ ሰው አሁን የት አለ? ከተማ መግቢያ ላይ ተጋድሟል። ማሳውን ማን እየጠበቀው ነው?

ጉልበታቸውን ይዘው ይነሳሉ። ወደ ኋላ ያያሉ፤ ያስነሱት አቧራ ገና አልሰከነም፤ ከአቧራው ወዲያ ምን እንዳለ አይታይም።

«ተነስ።»

«ዳኛው በዚህ በኩል ናቸው።»

«ዳኛው ይቆዩ። ወደ ማሳዬ ነው፤ ገመደኞችህ ለክተው ሳይጨርሱት።»

አስተማሪው ገመደኛ የለኝም ይላል፣ እግሬ አልታዘዘኝም ይላል። አያ አድማሴ አይሰሙትም፤ አሁን እሳቸው ፊት፣ እሱ ኋላ፣ በመጡበት መንገድ ይሮጣሉ። ጋቢው በሁለቱ መሃል ነጭ ሆኖ እንደ ቀላድ ተወጥሯል።

ማዶ ጤፍ ያጭድ የነበረ ገበሬ ቀና ይላል። አንዴ የተወጠረውን ጋቢ፣ አንዴ ማሳውን ያያል። ማጭዱን አስቀምጦ ዱላውን ያነሳል፤ ወደ መንገዱ እየወረደ ነው።