የማማው ልጅ

ናሬ ያን ቀን ጠዋት የባሕር ቅጠል ሾርባ አልቀመሰችም። ፈተና ያለበት ሰው እሱን ከጠጣ ያንሸራትተዋል፣ ይወድቃል ይባላል። ፈተናው የሷ አልነበረም፤ የሰባት ወር ልጇ የቴኦ ነው። ቴኦ ደግሞ ገና ጡት እንጂ ሾርባ አያውቅም። ወተቱ ግን ከየት ነው የሚመጣው? ይህን አስባ ባዶ ሩዝ ጎርሳ ወጣች።

ግዮንግጁ ከተማ ዳር ባለው የፊልም መንደር የጥንቱ የሺላ መንግሥት ድራማ እየተቀረጸ ነበር። ንጉሡ ታሟል፣ ዙፋኑን ማን ይውረስ ነው ጭቅጭቁ። ትናንት ከዚያ አንዲት ልጅ ደውላ፣ «የማማው ልጅ እንፈልጋለን፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት።

ማማ! በታሪክ ድራማ ሁሉ ባለሟሉ ግንባሩ መሬት እስኪነካ ተጎንብሶ «ማማ!» የሚለው ለማን ነው? ለንጉሥ፣ ለንግሥት፣ ለአልጋ ወራሽ ነው። ናሬ በድራማ ማንም አይበልጣትም፤ ስንት ድስት አሳርራ የተማረችው እውቀት ነው። ስለዚህ ተጨማሪ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ስልኩን ዘግታ ወዲያው ለአማቷ ደወለች።

አማቷ ሁለት የልጅ ልጆች አሏቸው። የታላቁ ልጃቸው ልጅ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። የቴኦ ግን ፍሪጅ ላይ ነው የተለጠፈው፣ ከጥብስ ዶሮ ቤቱ ማስታወቂያ ጎን። ናሬ ይህን ነገር ስታብሰለስል ውላ ታድራለች። ቴኦ በቴሌቪዥን አልጋ ወራሽ ሆኖ ከታየ ግን ማን ከሳሎን ያስቀረዋል?

ፊልም መንደሩ ስትደርስ አንዲት ሴት ወፍራም ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። የሶዳም እናት ነኝ አለች። ፔርሙስ ከፈተች።

«እህቴ፣ ቁርስ በልተሻል? የባሕር ቅጠል ሾርባ ነው፣ ትኩስ። ለምታጠባ ሴት ወተት ይጨምራል።»

የናሬ ደም ፈላ። ድራማ ላይም መርዝ የሚቀርበው በፈገግታ ነው።

«አመሰግናለሁ፣ ጠግቤአለሁ» አለች። ሆዷ ጮኸ።

«ስለ ማማው ግን በደንብ ነግረውሻል? እኔ ብሆን…»

«አንቺ ብትሆኚማ ደስታውን አትችይውም ነበር!»

የሶዳም እናት ፔርሙሱን መልሳ ከደነች። ናሬ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍኩ ብላ ቴኦን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው።

ዳይሬክተሩ አቶ ባንግ እየተቻኮለ መጣ።

«አንዱ ለማማው፣ አንዱ ለልዕልቷ። በዚህ ዕድሜ ወንድ ሴት አያስታውቅም፣ ዋናው ጸጥ ማለቱ ነው። ጠዋት ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ጥለውኝ ሄደዋል። ሦስተኛ እንዳላይ!»

ፉክክሩን አልቻሉት ይሆናል፣ አለች ናሬ በሆዷ።

ሶዳም ጣቷን እየጠባች ጣራ ታያለች። ቴኦ የእናቱን ጸጉር ጨብጦ ያለቅሳል።

«ልጅቷ ለማማው ትሁን» አለ አቶ ባንግ።

የሶዳም እናት ፊቷ አመድ መሰለ። ደስታ ነው፣ ሰው ሲያገኝ ይደነግጣል። ናሬ ግን ቁጭ ብላ የምታይ ሴት አልነበረችም። ዳይሬክተሩ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ እባክዎን! ለማማው የኔ ልጅ ይሁን! ሲተኛ ድንጋይ ነው!»

«ፊቱን ሲነካኩት አይነቃም?»

«ቢቆነጥጡትም አይነቃም!»

እዚያው ሻርፕ ጣል አድርጋ አጠባችው። ባዶ ሩዙ ሠራ መሰለኝ፣ ቴኦ አንቀላፋ።

አቶ ባንግ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ያህል ዘመን ስሠራ፣ ለዚህ የምትለምን እናት አላጋጠመኝም።»

«እናትነት ነዋ ጋሼ!»

«በይ እሺ፣ ያንቺው ይሁን።»

የሶዳም እናት በረጅሙ ተነፈሰች። መጥታ የናሬን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ውለታሽን አልረሳም፣ እህቴ።»

ድራማ ላይ የተሸነፈች ሴት እንዲህ የምትለው ልትበቀል ስታስብ ነው። ናሬ የልጇን የውኃ ጡጦ ከዚያች ሴት አጠገብ አንስታ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

ከዚያ ለአማቷ ደወለች።

«እማዬ፣ አለፈ! የማማው ልጅ ቴኦ ሆነ!»

«እውነትሽን ነው? በይ ጎረቤቱን ሁሉ እጠራለሁ! ታላቂቱ ምራቴም ትምጣና ትየው። ከነልብሱ ፎቶ አንሺልኝ፣ ዛሬውኑ አሳጥቤ ሳሎን ነው የምሰቅለው።»

«ሳሎን አሉኝ?»

«ታዲያ የት ልሰቅለው ነው? መሐል ላይ!»

ናሬ ስልኩን ይዛ አለቀሰች። እኛ እናቶች ለማልቀስ ምክንያት አናጣም፤ ይሄኛው ግን ጥሩ ምክንያት ነበር።

ልብስ አልባሾቹ መጡ። ሶዳምን ሦስት ሆነው ከበቧት፣ የወርቅ ክር ያለው ሐር አለበሷት። ቴኦን በነጭ ስስ ጨርቅ ጠቀለሉት። ናሬ ገባት፤ ይሄ የውስጡ ነው፣ ሐሩ ከላይ ይደረባል። የተኛውን ልጇን ግንባር ሳመች፣ የስልኳን ካሜራ ከፍታ ጠበቀች።

አንዲት ሴት ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዛ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«በማማ በሽታ የሚሞተው ሕፃን ይሄ ነው አይደል? በይ ጭንቅላቱን ደገፍ አድርጊልኝ፣ ፈንጣጣውን ፊቱ ላይ ልሥልበት።»